ከጅማ ሄዶ የጣናን ደሴቶች በአንድ ቀን ለማየት፦ ነፋሱን ቅደሙት

ጣና ላይ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ የሚበላሸው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ተኝቶ የሚታየው ውሃ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲያልፍ ነጭ አረፋ መትፋት ይጀምራል። የጀልባ ወንበር፣ የደሴት ብዛት፣ የምሳ ሰዓት፣ የገንዘብ ድርድር፣ ሁሉም ከዚህ አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይመለሳል። ያልተረዳ ደግሞ የቅዱሳኑን ሥዕል ያየበትን ጠዋት ረስቶ ማዕበሉን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ከጅማ የሄድነው የሥራ ባልደረቦች ከነቤተሰቦቻችን ተሰባስበን በጥምቀት ሰሞን ነው። ሁላችንም በሰላም ገብተናል። ሆኖም ከደቅ ደሴት ስንመለስ የደረሰብን ጭንቀት ፈጽሞ ሊቀር የሚችል ነበር። ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወይም ከቦንጋ ተነስታችሁ ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከቤት ጀምሮ እስከ መመለሻው የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መንገዱ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። በመኪና ሁለት ሙሉ ቀን ያዙለት፣ አዲስ አበባ እደሩ። በሁለተኛው ቀን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ይጠብቃችኋል፤ መኪና የሚያዞረው ሰው ካለ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይብላ። በአውሮፕላን ከሆነ ከአባ ጅፋር ተነስታችሁ ቦሌ ላይ ትቀይራላችሁ። በየትኛውም ብትሄዱ በደረሳችሁ ማግስት ሐይቅ አትውጡ። አንድ ቀን አርፋችሁ ወደቡን በእግራችሁ እዩ፣ ጀልባዎቹን ተመልከቱ፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላችሁ ነፋሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ይህች አንዲት የእረፍት ቀን ከማንኛውም ምክር በላይ ታስተምራለች። የጸጥታውንና የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የሆቴላችሁ ሠራተኛ ጥሩ ምንጭ ነው።

ስለ አየሩ አንድ ነገር። የጅማና የጣና ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ብርዱም ሙቀቱም አይለየንም ብሎ ማሰብ ይቀላል። ልዩነቱ ደመናው ላይ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አይለቅም፣ ዛፉም ደመናውም ይሸፍነናል። ባሕር ዳር ግን የዝናቡ ጉልበት ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለልና በበጋ ሰማዩ ወለል ይላል። ውሃው ላይ ፀሐይ ከላይም ከታችም ትመታለች። ጥላ ያለው ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው እንኳን አገጭና አፍንጫ ሥር የሚቃጠሉት ለዚህ ነው። ሰፊ ባርኔጣ ከነማሰሪያው፣ ረጅም እጅጌ፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ። ጠዋት ደግሞ ጀልባ ሲከንፍ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ጃኬት አይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ደሴት አመራረጥ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፣ በብዙዎቹም ላይ ገዳም አለ። አንድ ቀን ያለው ሰው ሊያየው የሚችለው ሦስት ወይም አራት ቦታ ብቻ ነው። ወደብ ላይ «ዘጌን፣ ክብራንን፣ ናርጋን፣ ዳጋን፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ካርታ አውጡና ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ደቅ ደሴትና ናርጋ ሥላሴ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። አነስተኛ ሞተር የገጠመና ሰው የሞላ ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ስለዚህ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሱ ናርጋ 3 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ቁልፍ የያዙትን አባት ፈልጎ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ፣ ትንሽ አርፎ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ዳጋ እስጢፋኖስ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ወርዶ 6 ሰዓት ይሆናል። መመለሻው ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት። ባሕር ዳር የምትገቡት 9 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው፤ የጉዞው የመጨረሻ ሁለት ሰዓት በሙሉ ነፋሱ በተነሳበት ጊዜ ላይ ወደቀ። ይህ እንግዲህ ምንም ሳይዘገይ፣ ምንም ሳይበላሽ ነው። አንድ ሰዓት ቢዛነፍ ችግሩ ይበዛል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ደቅና ዳጋ በቀርፋፋ ጀልባ የአንድ ቀን ጉዞ አይደሉም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሄድ ጀልባ ካገኛችሁ መንገዱ ወደ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይወርዳል፤ ያኔ 12 ሰዓት ተነስቶ ከናርጋ ጋር አንድ ቦታ ጨምሮ 6 ሰዓት ገደማ መመለስ ይቻላል። ፈጣን ጀልባ ካልተገኘ ደቅን ለሌላ ጊዜ ተዉትና ቀኑን ለቅርቦቹ ስጡት፤ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በመመለሻ ደብረ ማርያምና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ። እንጦስና ክብራን ከወደቡ ብዙ አይርቁም፤ ዘጌም በቀርፋፋ ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ዙር 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ 6 ሰዓት ላይ ሳይቻኮሉ መጨረስ ይቻላል።

ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳማት ናቸው፣ ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳይነግሩ ወስደው ሚስትና ሴት ልጆችን ወደብ ዳር ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንጦስ፣ ደብረ ማርያምና ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። የቅዳሴ ሰዓትንም አስቡ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው፤ በጾም ቀን ደግሞ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይሄዳል። በዚያ ሰዓት የደረሰ ጎብኚ ውጭ ይጠብቃል፣ የጠበቀው ሰዓት ደግሞ ከመመለሻው ላይ ይቆረጣል። ለመዘግየት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ ጀልባው ሳይሆን ቁልፉ ነው የሚያስጠብቀው። ከረቡዕ፣ ከዓርብና ከእሑድ ውጪ ያለ ቀን ብትመርጡ ይቀላችኋል።

ከጅማ የሚሄድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ነው። የእኛም እንዲሁ ነበር። ጫማ አውልቆ፣ ሴቶቹ ነጠላ ወይም ሻሽ አድርገው፣ ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ እስከሆነ ድረስ ችግር አላየንም። ካልሲ ያዙ፤ ወለሉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ለምሳ የሐይቁ ዓሣና የጾም በያይነቱ ሁሉንም ያስማማል፤ የእርድ ጥያቄ የለበትም። ዓሣ በጾም የማይበላ ካለ ሽሮው አለለት።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ ተነጋገሩ፣ ቢቻል በማኅበር ከተደራጁት ዘንድ። ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች በወረቀት ላይ አስፍሩ፦ የሚቆምባቸው ቦታዎች ስም በቅደም ተከተል፣ በየቦታው የሚጠብቀው ሰዓት፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑ፣ ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ከባሕር ዳር የሚነሳበትና የመጨረሻው ደሴት ላይ ሞተር የሚያስነሳበት ሰዓት። የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። የየገዳሙ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻ ነው፤ ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደሴት ላይ መልስ አይገኝም። ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ።

ከዚያ ጀልባውን እዩ። አታፍሩ፤ ጥሩ ባለ ጀልባ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ የሚቆጣ ካለ ሌላ ፈልጉ። በመጀመሪያ ላይፍ ጃኬት። በቁጥር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መሆኑን፣ መቆለፊያው የሚይዝ መሆኑን፣ ውስጡ ያለው ፎም አለመቆራረሱንና ውሃ አለመጠጣቱን በእጃችሁ ጨምቃችሁ አረጋግጡ። የልጅ ጃኬት የተለየ ነው። የትልቅ ሰው ጃኬት ያጠለቀ ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይቀራል፣ ልጁ ሾልኮ ይወርዳል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ካሰራችሁለት በኋላ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ ጃኬቱ ከአገጩና ከጆሮው ካለፈ አይሆነውም። ጃኬቱን ከወንበር ሥር አስቀምጦ «ሲያስፈልግ እንለብሰዋለን» ማለት አይሠራም፤ ማዕበል ውስጥ ቆሞ መልበስ ራሱ ጀልባ ይገለብጣል። ከወደብ እስከ ወደብ ለብሳችሁ ቆዩ።

ቀጥሎ ሞተሩ። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት ይተፋል፤ ያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ጅረቱ ከቆመ መምጠጫው በእምቦጭ፣ በደንገል ወይም በላስቲክ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ወዲያው ካልጠፋ ሞተሩ ይቃጠላል። እናንተም ከኋላ ተቀምጣችሁ ይህን መከታተል ትችላላችሁ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀየጣል፣ በተለመደው መጠን ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ዘይት። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን በጄሪካን የሚሸጠው ውሃ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ባለ ጀልባው ነዳጁን ከቀኑ በፊት ገዝቶ እንዲያዘጋጅ ተስማሙ። መጠኑን በሦስት ከፍላችሁ አስቡት፤ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለነፋስ። ነፋስ ሲነሳ ያው መንገድ የበለጠ ነዳጅ ይበላል።

በጀልባው ውስጥ ሳይኖሩ መነሳት የሌለባችሁ ዕቃዎች፦ ሁለት መቅዘፊያ፣ ውሃ መጭለፊያ ባልዲ፣ ረጅም ገመድ ያለው መልሕቅ ወይም ከባድ ድንጋይ፣ ስለታም ቢላዋ፣ ትርፍ ካንዴላና መፍቻው፣ የእጅ ባትሪ። ቢላዋውን ለምን እንዳልኩ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

የንፋሱን ትንበያ ስልክ ላይ የምታዩ ከሆነ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚል ተመልከቱ። ከ12 እስከ 19 ሲሆን እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ይታያል። ከ20 ሲያልፍ አረፋው ይበዛል፤ ያን ጊዜ በትንሽ ጀልባ መሐል ሐይቅ ላይ መገኘት የለባችሁም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ወጀብ ይጨመራል።

ጠዋት ወደቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። ስልክና ገንዘብ በሁለት ፌስታል ተደራርቦ ይታሰር። የሚያቅለሸልሸው ሰው ክኒኑን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ፣ ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ከማይደርስበት መሐል ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ከሩቅ ዳርቻ ላይ ይትከል። ስልክ እያዩ መሄድ ሆድን ያገላብጣል። ከባዱ ሰውና ከባዱ ዕቃ መሐል፣ ግራና ቀኝ ሚዛን ተጠብቆ። ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ጎን መነሳት ክልክል መሆኑን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። መንገድ ላይ ደንገል በደንገል የታሰረ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ ሞተራችሁ የሚያስነሳው ሞገድ ስለሚያስቸግራቸው ባለ ጀልባው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ጠይቁት።

ዘጌ ላይ ብዙ ቆዩ፣ በተለይ እኛ የቡና አገር ሰዎች። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ አባቶች። በልማድ በዚያ መሬት ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ስለነበር ጫካው እስከ ዛሬ ቆሞ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ከጎማና ከጌራ ጫካ ቡና የመጣ ሰው እዚያ ሲቆም ጥላውን፣ የቅጠሉን ሽታ፣ የደረቀውን ፍሬ ያውቀዋል። የአካባቢው ሰው ስለ ለቀማና ስለ ማድረቅ ብትጠይቁት በደስታ ያወራችኋል፤ እኔ ከሥዕሉ ያልተናነሰ የተደሰትኩት በዚህ ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጫካው ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ዳገት አለ። ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል፣ ለአረጋዊ ደግሞ በትር። የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፤ በፍላሽ ፎቶ አታንሱ፣ ቀለሙን ይጎዳል።

ናርጋ የደረሰ ሰው እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ዳጋ ላይ የነገሥታት አጽም ይገኛል። ሁለቱም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የሒሳቡን ነገር ረስቶ የሚሄደው።

ዓባይ መውጫው ላይ ጉማሬ ማየት ይወደዳል። ቦዬ ረግረግ አጠገብ ያደገ የጅማ ልጅ ጉማሬ በሩቅ እንደሚከበር አያጣውም፤ እዚህም ያው ነው። ጀልባው ፍጥነቱን ቀንሶ በሩቁ ይቁም፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መሐል አይግባ፣ መሸሻው የተዘጋበት ጉማሬ ጀልባ ይመታል። ግልገል ከያዘች እናት የበለጠ ራቁ።

ወደ ነፋሱ ልመለስ። ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሲነሳ ቀዝቃዛው አየር ከሐይቁ ወደ ዳርቻው ይገፋል። ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ከደሴቶቹ ስትመለሱ ነፋሱ ከኋላና ከጎን ይመጣል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በጥልቅ ውሃ ማዕበል ረዘም ብሎ ይንከባለላል፣ በዚህ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ተከታትሎ ይመታል። ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ጀልባውን ገፍቶ አፍንጫውን ሊያዞረው ይፈልጋል፤ ከዞረና ጎኑን ከሰጠ ውሃው ይገባል። ጎበዝ ባለ ጀልባ ፍጥነቱን ከማዕበሉ ጋር አስተካክሎ ወደፊትም ሳይሮጥ ወደኋላም ሳይቀር ይነዳል።

እኛ ከዳጋ የተነሳነው 7 ሰዓት አልፎ ነው፤ ናርጋ ላይ ቁልፍ ጠብቀን ነበር። መንገድ አጋምሰን አረፋው በበዛበት ሰዓት ሞተሩ ድንገት ጮኾ ጠፋ። የዓሣ አጥማጅ መረብ ማሽከርከሪያው፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠምጥሟል። ሞተር የሌለው ጀልባ ወዲያው ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜ ውሃ ገባብን። አብረውን የነበሩት አንዲት እናት ሊነሱ ሲሉ ባለ ጀልባው «እማማ፣ ይቀመጡልኝ፤ ከወንበሩ ወርደው ወለሉ ላይ ይሁኑልኝ፣ እኔ አለሁ» አላቸው። ያ ንግግር ሁላችንንም መለሰን። ሁላችንም ወለሉ ላይ ወረድን፣ ሁለት ሰው በባልዲና በጄሪካን ክዳን ውሃ መጭለፍ ያዘ።

እዚህ ላይ የተደረገው ነገር በቅደም ተከተል ለማንም ይጠቅማል። በመጀመሪያ ከፊት አፍንጫው ላይ ገመድ የታሰረበት መልሕቅ ተጣለ፤ ያ ሲይዝ ጀልባው ዞሮ ፊቱን ለማዕበሉ ሰጠ፣ ውሃ መግባቱም ቆመ። መልሕቅ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ባልዲ በገመድ አስሮ ከፊት መጣል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ውሃ ይዞ ጀልባውን ይጎትተዋል። ከዚያ የሞተሩ ቁልፍ ተነቀለ፤ ሳይነቀል እጅ ወደ ማሽከርከሪያው አይገባም። ሞተሩ ወደ ላይ ተነስቶ መረቡ በቢላዋ ተቆረጠ። በእጅ ልፍታው ቢባል ኖሮ ጊዜውን አይሰጥም ነበር። ቢላዋውን በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ጀልባ ቢገለበጥ ደግሞ የሚደረገው አንድ ነው፤ የተገለበጠውን ጀልባ ይዞ መቆየት። ዳርቻው ቅርብ መስሎ ይታያል፣ ዋኝቼ ልድረስ ያለ ሰው ግን ለፍለጋ እንኳን አይመችም። ልጆችን መሐል አድርጋችሁ ተያያዙ።

ሞተሩ ሲነሳ ባለ ጀልባው ወደ ባሕር ዳር ቀጥ ብሎ አልሄደም። ወደ ዘጌ ጠምዝዞ ከደቡባዊው ጥግ አስገባን፤ ከሰሜን የሚመጣውን ነፋስ ጫካው ስለሚከልለው እዚያ ውሃው የረጋ ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይሄ ነው፦ ዘጌ ደሴት ሳትሆን ከምድር ጋር የተያያዘች መሬት ናት፣ ከዘጌ ከተማ ወደ ባሕር ዳር የየብስ መንገድ አለ። ሐይቁ ከከፋ ጀልባውን ትታችሁ በመኪና መግባት ትችላላችሁ። እኛም አረጋውያኑንና ልጆቹን በዚያ መንገድ ላክን፣ የቀሩት ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቀው ፀሐይ ሳትገባ ተሻገሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የአንድ ባለ መኪና ስልክ ቁጥር ይዛችሁ ብትወጡ ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ብዙ። አመሻሽ ላይ ደግሞ መብራት በሌለው ጀልባ አትንቀሳቀሱ፤ መረቡም ታንኳውም አይታይም። ማደር ከተገደዳችሁ ዘጌ ላይ እደሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ ጀልባው ሰዓቱን ሊያስታውሳችሁ ሲሞክር አትቆጡት። እንግዳ ተከፋ እንዳይባል ብሎ ዝም የሚል አለ፤ «ወንድሜ፣ መመለስ ያለብን ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ከጠዋቱ ጠይቁት፣ የነገራችሁንም ለቡድኑ ሁሉ ጮክ ብላችሁ አሰሙ። ከመሐላችሁ አንድ ሰው ሰዓት ጠባቂ ይሁን፣ ሥራው ያ ብቻ። እሱ «እንነሳ» ሲል ፎቶም ይቋረጣል፣ ቡናም ይቀራል።

ከተመለሳችሁ በኋላ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። የበሽታው ትል ቆዳን በስቶ የሚገባው ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሳርና ደንገል በሚበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው፤ ከጀልባ ወርዶ በባዶ እግር ወደ ዳር መራመድ፣ ልጆችን ዳር ላይ ማጫወት የሚያስጠቃው ለዚህ ነው። ጀልባው ከወደቡ ካልተጠጋ ቦት ጫማ ወይም ተሸክሞ የሚያወርድ ሰው ፈልጉ። የረጠበ እግር ወዲያው በፎጣ ይታሽ። የሐይቁን ውሃ አትጠጡ። ወባም ስላለ ሌሊት አጎበር ተጠቀሙ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ የደም ምርመራ አድርጉ። ውሃው በደንብ የነካችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ምንም ባይሰማችሁም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ጅማ ላይ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፤ ቀድሞ ቢመረመር እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀና የሚገኝ ነው። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ጣና ላይ ውሃ እንደነካችሁ ንገሩት።